ባሕሩ የት ሄደ? የዛንዚባር ሪዞርቶችን ለወቀሰው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ከባለቤታቸው ጋር ዛንዚባር ወርደው፣ ባሕር ዳር ባለ ኦል ኢንክሉሲቭ (መኝታውም ምግቡም ቀድሞ በአንድ ክፍያ የሚያዝበት) ሪዞርት ሰንብተው ተመልሰዋል፤ ተመልሰውም አምርረው ጽፈዋል። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፦ ቦታው ቀለም የተቀባ እስር ቤት ነው፤ የተከፈለበት ባሕር ጠዋት ላይ የለም፤ ስፓ፣ ዌልነስ የሚባለው የሰውነት ማሳረፊያ ነገር የፈረንጅ ማጭበርበሪያ ነው፤ ጿሚ ሰው ሰላጣ ሲያላምጥ ይከርማል፤ ገንዘቡ ለደሴቲቱ ሰው ጠብ አይልለትም፤ ከሪዞርቱ ይልቅ ርካሹ ትንሽ ማረፊያ ይሻላል፤ በዚያ ላይ በዚያ ብር ላንጋኖ ደጋግሞ በተኬደበት ነበር።

እኔ የምሠራው የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ዛንዚባርን ለሙሽሮችም፣ ጡረታ ለወጡ ወላጆችም እሸጣለሁ። እንጀራው ተነክቶበት ነው የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ይህን ይዞ ያንብበኝ። ጸሐፊው ያሉት ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ከክሶቻቸው አንዱ መልስ የሌለው ነው፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከእስር ቤቱ ልጀምር። ጸሐፊው ከግቢው ሳይወጡ ሰንብተው አገሩን ሳላይ መጣሁ ይላሉ። በር የዘጋባቸው ግን አልነበረም። እነዚህ ሪዞርቶች አጥራቸው በመንገዱ በኩል ነው፤ በባሕሩ በኩል አሸዋው የሁሉም መተላለፊያ ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ ሹካ የሚሉትን ቀይ ኩታውን አጣፍቶ ጨሌ የሚሸጠው ማሳይ፣ ጀልባ ላስይዛችሁ እያለ የሚከተለው ደላላ፣ ሁሉም ፊት ለፊታችሁ ያልፋል። በምሥራቁ ዳርቻ ካለችው ከፓጄ መንደር ስቶን ታውን የሚያደርስ ዳላዳላ (የሕዝብ ሚኒባስ) አለ፤ የኛን ታክሲ ግፊያ ለለመደ ሰው ዳላዳላ ብርቁ አይሆንም። ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። እዚያ ግማሽ ቀን መዋል ብቻውን ለጉዞው በቂ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ያልሄዱት በፓኬጁ ውስጥ ስላልተካተተ ነው። እንግዲህ ለዚህ ማንን መክሰስ ይቻላል?

ግን የክሱ ሥር ሌላ ነው። ጸሐፊው ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ አገር ለማየት የወጣ ይመስላቸዋል። ለማረፍ ብቻ የሚወጣ ሰው አለ፤ እኔ ቢሮ ከሚመጡት ብዙዎቹም እንዲህ ያሉ ናቸው። የኛን ዕረፍት አስቡት። ዓመት በዓል ዕረፍት ነው ይባላል፤ እናት ግን ሽንኩርት ስትከትፍና ዶሮ ስትበልት ታነጋለች። ቤተሰብ ተጠራርቶ ሶደሬ ሲወርድ እንኳ ድስቱ፣ ከሰሉና የእንጀራው መሶብ አብሮ ይጫናል፤ ወንዶቹ ሲዋኙ ሴቶቹ ያቁላላሉ። ልጆቻቸው ዛንዚባር የላኳቸውን አንዲት እናት ሲመለሱ፣ «እትዬ፣ ባሕሩ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ስለ ባሕሩ አልነገሩኝም። «ልጄ፣ የበላሁበትን ሳህን እኮ ሌላ ሰው እያነሣልኝ!» አሉኝ፤ ደግሞም አሉኝ፣ ሌላ ሰው እስኪገባ ድረስ ደጋግመው።

ከዚህ ሌላ የሂሳቡ ጣጣ አለ። ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት አብረው ሲጓዙ ምሳ በተበላ ቁጥር «በሞቴ!»፣ «እኔ እያለሁማ!»፣ አስተናጋጁን በጎን ጠርቶ መክፈል፣ ከዚያ ኩርፊያ። ኦል ኢንክሉሲቭ ውስጥ አንጓ ላይ የምትታሰረው ፕላስቲክ አምባር ይህን ሁሉ ታስቀራለች። በደሴቲቱ ላይ ተከባብሮ ለመሰንበት እሷን የመሰለ ዘዴ አላየሁም።

ጸሐፊው ይህ አሠራር የስግብግብ ነጋዴዎች ፈጠራ ነው ይላሉ። ታሪኩ እንዲያ አይደለም። ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስጀመረው ክለብ ሜድ የተባለ የዕረፍት መንደሮች ድርጅት ነው፤ ጄራር ብሊትዝ የተባለ ቤልጂየማዊ እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት፣ አልኩዲያ ላይ ድንኳን ተክሎ ነው የጀመረው። እንግዶቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጡ፣ ዳቦ በኩፖን ሲገዙ የኖሩ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። አንዴ ከፍለው፣ ከዚያ ስለ ገንዘብ ሳያስቡ እንዲበሉና እንዲተኙ ነበር ሐሳቡ። መጠጥ ግን ለብቻው ነበር፤ በኋላ ላይ እንግዶቹ አንገታቸው ላይ ባጠለቁት ጨሌ ይከፍሉ ነበር። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ ትልቅ ንግድ መሆኑ አይካድም፤ ሐሳቡን የወለደው ግን ድካም ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ። ይህ የጽሑፋቸው ምርጥ ክፍል ነው፤ ስቄበታለሁም። ጸሐፊው ጠዋት መጋረጃውን ሲከፍቱ ማታ በማዕበል ድምፅ ያስተኛቸው ውቅያኖስ የለም። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ጎኗን ሰጥታ የተኛች ጀልባ፣ ርቆ ርቆ ደግሞ አንድ ነጭ መስመር። ሠራተኛውን ሲጠይቁ በእንግሊዝኛ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይሞላል አላቸው። በማግስቱ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ስምንት ላይ ፎጣ ይዘው ወረዱ፤ ውኃ የለም። ዋሸኝ ብለው ጻፉ።

ሠራተኛው አልዋሸም። የስዋሂሊ ሰዓት ልክ እንደኛው ነው! እነሱም ፀሐይ ከወጣችበት ይቆጥራሉ፤ ለፈረንጅ ጠዋት ሰባት የሆነው ለእነሱም ለእኛም አንድ ሰዓት ነው። ሰውየው ስምንት ሲል በልቡ የቆጠረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ከጀርመኑም ከጣሊያኑም ይልቅ ይህ ሊገባው ይገባ የነበረው ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛ ስለተነጋገሩ ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት ጣሉት። ለማንኛውም የምጽፈውን ሰዓት ሁሉ ለደንበኞቼ በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ስለ ባሕሩ መሸሽ ደግሞ ትንሽ ላብራራ፤ ሐይቅ ብቻ እያየ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ ነውና። ጣና ጠዋትም ማታም ያው ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ግን ዛንዚባር ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ውኃውን የምትጎትተው በዋናነት ጨረቃ ናት። እሷ በየቀኑ ስለምትዘገይ የሙላቱም ሰዓት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይበረታል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ አራት ሜትር የሚጠጋበት ቀን አለ።

ይህ በደሴቲቱ ዙሪያ አንድ ዓይነት አይታይም፤ ወኪሎች ሳንናገር የምናልፈው እዚህ ጋ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ማቴምዌ፣ ወለሉ ለጥ ያለ ነው፤ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሠሩት ድንጋይም ከዳርቻው ርቆ እንደ ግድብ ተዘርግቷል። ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ሜዳው ሁሉ ይገለጣል፤ ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንድ ቦታ ከኪሎ ሜትር በላይ። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኛል። ዋና የሚፈልግ ሰው ሰሜን ይሂድ። ጸሐፊው የያዙት ምሥራቅ ነው፤ ስላልነገሯቸው መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ ቁጣው ግን ለሸጠላቸው ሰው እንጂ ለባሕሩ አይደለም።

ደግሞ ጭቃ ብለው ያለፉት ሜዳ ባዶ አይደለም። በጫማ ትንሽ ቢገቡበት (በጫማ፣ ምክንያቱም እሾሃማው የባሕር ጃርት ባዶ እግርን አይምርም) መስመር መስመር የተተከሉ አጫጭር ካስማዎች ያገኙ ነበር። በካስማዎቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ በየስንዝሩ የባሕር አረም ቁራጭ ታስሯል። ሴቶች ሻሻቸውን አስረው፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሶ፣ ጎንበስ ብለው አንዱን ያስራሉ፣ የደረሰውን ይፈታሉ። በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ወደ ውጭ ይጫናል፤ ከእሱ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙናንና አይስክሬምን ያወፍራል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ብዙ ሴቶችም የመጀመሪያውን የራሳቸውን ገንዘብ ያገኙት በእሱ ነው። አሁን ውኃው እየሞቀ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ እየሞተባቸው ተቸግረዋል። ለእንግዳው ባሕሩ የጠፋበት ሰዓት ለእነሱ የእርሻ ሰዓት ነው። ከአልጋው ሳይነሣ ይህን የሚያይ ሰው አገር አላየሁም ሲል ይገርመኛል።

ወደ ስፓው ልለፍ። ዌልነስ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ ለእኛ ባዕድ ነው ይላሉ ጸሐፊው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ይህን መጻፋቸው ነው የሚደንቀው። ከተማዋ እኮ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ምክንያት ነው! እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው ዳር ቤት ባያሠሩ ኖሮ ዛሬ የምንኖረው ሌላ ቦታ ነበር። ሶደሬና ወንዶ ገነት ለወገቡም ለቁርጥማቱም ሲወረድባቸው ኖሯል። የወይባ ጢስስ? ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ እንጨቱ ጨሶ፣ ሙሽራዋ በጋቢ ተሸፍና ላቧ እስኪንቆረቆር የምትቀመጥበት፣ ከዚያም ቅባቱ የሚከተልበት ሥርዓት በሪዞርት ቋንቋ ቢጻፍ ዋጋው ስንት ይሆን ነበር? በሙቀት፣ በውኃና በእሽት ሰውነትን ማሳረፍ ባዕድ አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ግን እስማማለሁ፤ ዲቶክስ። ለቀናት ጭማቂ ብቻ አጠጥቶ መርዝ አወጣሁልህ የሚል ፕሮግራም ባዶ ወሬ ነው። ቆሻሻውን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ደመወዝም አይጠይቁም። ስኳር ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ቢገባ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣብኝ ፓኬጁን አልሸጥም። ማሳጅ ግን ማሳጅ ነው፤ የተወጠረ ትከሻ ይላላል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ስፓ ካለ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ቀንሱለት።

የጾሙ ነገር አጭር ነው። ጸሐፊው በጾም ሄደው ሰላጣና ድንች ብቻ በላሁ ይላሉ። ቡፌው የሚሰናዳው ለአውሮፓዊ እንግዳ ስለሆነ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከኩሽናው ጀርባ፣ ሠራተኞቹ በሚበሉበት፣ የጾም ምግብ ሞልቷል፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ፣ ጎመን፣ ካሳቫ፣ ቻፓቲ። ሳምቡሳውን እንኳ በስሙ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሼፉን አስጠርቶ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም ማለት ይበቃል። ጾመኛ ነኝ ብቻ ብላችሁ ግን አትተዉት። ከደሴቲቱ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ስለሆነ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም እንደማትበሉ ገምተው ማታ በአክብሮት የሥጋ ሾርባ ይዘውላችሁ ይመጣሉ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባቶቻችሁ ትቻለሁ። ሌላም አለ፤ የኛ ዐቢይ ጾም ከረመዳን ጋር በገጠመ ጊዜ ስቶን ታውን ውስጥ ቀን ክፍት የሆነ ምግብ ቤት ማግኘት ራሱ ፈተና ነው፤ በአደባባይ ማኘክማ ነውር ነው። ጸሐፊው የሚያወድሱት ርካሽ ማረፊያ ያን ጊዜ ምሳችሁን አያበላችሁም፤ ሪዞርቱ ያበላል።

አሁን መልስ የለኝም ወዳልኩት ደረስኩ፤ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ብዙው ክፍያ አውሮፓ ውስጥ ተከፍሎ አውሮፓ ውስጥ ይቀራል። ወይኑም፣ አይቡም፣ ፖሙም ከውጭ ይጫናል። ከአስተናጋጆቹ ብዙዎቹ ከታንዛኒያ ዋና ምድርና ከኬንያ የመጡ ናቸው፤ የደሴቲቱ ወጣቶች ይህን ሲያነሡ የከረሙት ቅሬታ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ውኃው ነው። ምሥራቁና ሰሜኑ የኮራል ድንጋይ ምድር ነው፤ ጣፋጩ ውኃ ከሥር ስስ ሆኖ በጨው ውኃ ላይ የተኛ ነው። ብዙ ሲሳብ ጨዉ ይገባበታል፤ የመንደሩ ጉድጓድ ጨዋማ ሲሆን ሪዞርቱ የጓሮ ሣሩን ያጠጣል። ፎጣ በየቀኑ አይቀየር ብሎ ካርድ ማንጠልጠል ይህን አይፈታውም።

የጸሐፊው መፍትሔ ግን አያሳምነኝም። ትንሹን ማረፊያ ያዙ፣ ገንዘባችሁ ለመንደሩ ይገባል ይላሉ። ትንሽ ስለሆነ ብቻ የመንደሩ ይሆናል ያለው ማነው? ፓጄ ውስጥ ስምንትና ዐሥር ክፍል ካላቸው ቤቶች ባለቤታቸው የውጭ ዜጋ የሆነ ብዙ ናቸው። ማን ነው ባለቤቱ፣ ዓሣውን ከማን ይገዛል፣ ውኃውን ከየት ያመጣል ብሎ መጠየቅ ለትልቁም ለትንሹም ይሠራል። ጉርሻን ለክፍል አጽጂዋ በእጇ መስጠት፣ አንድ ቀን ከግቢው ወጥቶ መንደር ውስጥ መብላት፣ ሳሙናውን ከስፓው ሱቅ ሳይሆን ፓጄ ላይ ከባሕር አረም ሳሙና ከሚሠሩት ሴቶች መግዛት ይቻላል። ችግሩን እነዚህ አያነሡትም፤ ከእንግዳ አቅም ያለው ግን ይኸው ነው።

በመጨረሻ ላንጋኖ። ላንጋኖን የሚጠላ የለም፤ ይረክሳልም። ጸሐፊው ግን ሲያነጻጽሩ ከዛንዚባሩ ዋጋ ላይ አውሮፕላኑን፣ ሦስቱን ምግብና መጠጡን ጨምረው፣ ከላንጋኖው ላይ መኪናውን፣ ነዳጁንና ጥብሱን ትተዋል። እንዲያ ከተባለማ ቤት መዋል ከሁሉም ይረክሳል። ደግሞ ቅርብ የሄደ ሰው ስልኩ አይተወውም፤ ከቢሮም ከዘመድም፣ «ቅርብ ነህ አይደል፣ ለልቅሶው ብቅ በል» ይባላል።

በአንጻሩ የዛንዚባርን ወጪ በሙሉ የምንናገር ወኪሎች ጥቂት መሆናችንን አምናለሁ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አዋቂ የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን የጉዞ መድን 44 ዶላር ከፍሎ መግባት አለበት፤ ከሌላ ቦታ የገዛችሁት መድን አይተካውም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ሻንጣውን በፌስታል መጠቅለል የለመደ ይተው፤ ፌስታል እዚያ የተከለከለ ነው። ከውጭ የመጣ መጠጥ፣ ከአንዱ በላይ ያለው ማሳጅና የጀልባ ሽርሽር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይታሰባሉ። እንዲያም ሆኖ አብዛኛውን ቀድሞ ከፍሎ መሄድ ለእኛ የተለየ ጥቅም አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ያኔ ሙሉውን ከፍለው የነበሩ ሙሽሮች ሄደው መጡ፤ ምግቡን እዚያው እንከፍላለን ያሉት ግን ቢሮዬ ተቀምጠው ካልኩሌተር ሲነኩ ነበር።

ዝናብ ጣለብን ብለው ያማረሩት ቀርቶኛል። ጸሐፊው የሄዱት በሚያዝያ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ ዛንዚባር ላይ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ይጥላል፤ ሪዞርቶች ዋጋ የሚጥሉት፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ የሚዘጉት ያኔ ነው። የሠርግ ወራችን ጥር ሞቃትና ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ እዚህ ዶፍ ሲወርድ፣ እዚያ ነፋሻና ብሩህ ነው፤ ፈረንጁም የሚጎርፈው ያኔ ስለሆነ ይወደዳል። ወኪላችሁ የሚያዝያን ዋጋ አሳይቷችሁ ስለ ማሲካ ካልተነፈሰ ሌላ ወኪል ፈልጉ፤ ያ ወኪል እኔ ብሆንም።